በሥጋ ቤት ፍሪዘር ውስጥ ስላሉት ፎቶግራፎች

ለቅርስ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥር 25

ጉዳዩ፦ ከአሮጌው ቤት የወጡት ውኃ የነካቸው ፎቶግራፎች ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ከፍሪዘር እንዳይወጡ፣ ከሥራ የታገደችው አክስቴ እንድትመለስ፣ የድንገተኛ አደጋ ዝግጁነት ሥልጠናውም እንደገና እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፦

አመልካች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሆን አቤቱታ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አጻጻፉን የጠየቅኳቸው ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸውን በጸሐፊነት የፈጁ ጡረተኛ፣ “ልጄ፣ መጀመሪያ ሁለት ገጽ አመስግኚ፤ ጉዳይሽን ሰው ሳያይብሽ መጨረሻው መስመር ላይ ጣል አድርጊው” ብለው መክረውኛል። ወረቀት ስላነሰኝ ሁለቱ ገጽ ምስጋና እንደደረሰዎ ይቁጠሩልኝና በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

1. አክስቴ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ ናት። እኛ አሮጌው ቤት በምንለው፣ ጽሕፈት ቤትዎ ግን በሩ ላይ ሦስት መስመር ስም ባወጣለት ቤት ውስጥ የፎቶግራፍ ክምችት ክፍሉን ትይዛለች። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ትተዋቸው የሄዱት ሙሽሮች፣ ዳኞች፣ የተማሪ ሰልፎች ሁሉ እሷ ዘንድ ናቸው። ማን እንደሆኑ የማይታወቁትን “የኔዎቹ” ትላቸዋለች።

አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ ከእናቴና ከእኔ ጋር ትኖራለች። አባቴ አናጢ ነበር። የዚያኑ ቤት በረንዳ ጠግኖ በጨረሰ በጥቂት ወሩ አረፈ። ይህ ለጉዳዩ የሚያስፈልገው ተራ ቁጥር 8 ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማዘን አያስፈልግም።

የቤቱ ኃላፊ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ተማሪው በሙሉ ጋሼ ይቅደሙ ይላቸዋል። ምክንያቱ ከታች ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ “የቤቱ ኃላፊ” ልላቸው ወስኛለሁ፤ እጄ ካመለጠኝ ግን ከወዲሁ ይቅርታ።

2. ባለፈው ክረምት ጽሕፈት ቤትዎ በታሪካዊ ቤቶችና በቅርስ ክምችቶች ላይ ለሚደርስ ድንገተኛ አደጋ የሦስት ቀን የዝግጁነት ሥልጠና በአሮጌው ቤት አዳራሽ ሰጥቷል። አሠልጣኟ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ሰዓታቸውን በመዳፋቸው በኩል አዙረው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ሠልጣኞቹ የቤቱ ሠራተኞችና ዕቃ ያበረከቱ ቤተሰቦች ተወካዮች፣ በአጭሩ የከተማው አዛውንት ነበሩ። ከትምህርት ቤታችን የቅርስ ክበብ ደግሞ እኔ በጉዳተኛነት ተመደብኩ። ሥራዬ ወለሉ ላይ ተጋድሞ እግሬ መሰበሩን ማመን ነበር። በመክፈቻው ንግግር ሌላውን ሰው ሁሉ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ቀድሜ ስለተጋደምኩ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልመጣልኝም። ስለዚህ አሠልጣኟ ያሉትን አንድም ሳይቀር ሰምቻለሁ።

ያሉት ይህ ነው፦ ውኃ የነካው ፎቶ በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀ ይሻግታል። ሁሉንም ባንዴ ማድረቅ ካልቻላችሁ በቀጭን በቀጭኑ ጠቅልላችሁ አቀዝቅዙት፤ በረዶ ሆኖ ወራት ይቆያል፤ ከዚያ የሚያውቅ ሰው አንድ በአንድ ያወጣዋል። ፀሐይ ላይ አታስጡ። የተጣበቀውን አትላቅቁ። የመስታወት ፎቶ ግን ፍሪዘር አይወድም፣ ይሰነጠቃል፤ እሱን አቁማችሁ አድርቁት።

እዚህ ላይ የቤቱ ኃላፊ እጃቸውን አውጥተው “የምሳ ሰዓት አልደረሰም?” ብለው ጠየቁ። እውነትም ደርሶ ነበር።

3. በሁለተኛው ቀን ሦስት ዓይነት ስቲከር ታደለ። ቀይ ማለት አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጣ፣ ቢጫ ቀጥሎ የሚወጣ፣ አረንጓዴ ጊዜ ከተረፈ የሚወጣ ነው። “ቀዩ በጣም ጥቂት ነው። የትኛው ላይ ነው ጉዳቱ የሚፈጥነው? እሱን ብቻ አስቡ” አሉ አሠልጣኟ። ብልህ ሴት ናቸው። የኛን አዛውንት ግን አያውቋቸውም።

መጀመሪያ የተደረሰው የከተማው የድሮ ዳኛ ወንበር ዘንድ ነው። ትንሽ ቤት የሚያክል ወንበር ነው። የዳኛው የልጅ ልጅ፣ አሁን እሳቸውም አያት የሆኑት፣ አጠገቡ ቆመዋል። ማን ወንድ በፊታቸው አረንጓዴ ይለጥፋል? “ኧረ ነውር ነው! የእርስዎ አያት ወንበር!” ተባለና ቀይ። የልጅ ልጁ የሰው ውለታ አያድርባቸውም፤ አጠገባቸው ወደቆሙ አንዲት ትልቅ ሴት ዞር አሉና “እንግዲያው የእትዬን እናት ጃንጥላ ማን ደፍሮ ከኋላ ያስቀራል?” ቀይ። እትዬም በተራቸው “እኔስ የማን ልጅ ነኝ? የጋሼ አባት ሣጥን ቆሞ የእናቴ ጃንጥላ ቀድሞ ይውጣ?” ቀይ። ከምሳ በኋላ ቀይ አለቀ። የቤቱ ኃላፊ ወደ እኔ ዘወር ብለው “ነይ እስቲ አንቺ ጉዳተኛ፣ ሮጥ ብለሽ ቀይ ግዢልን” አሉኝ። በተሰበረ እግሬ ሮጬ ገዝቼ መጣሁ።

ሲመሽ ከበሩ እስከ ጓዳው ቀይ ያልተለጠፈበት ዕቃ አልነበረም። እሳት ማጥፊያው ላይ ሳይቀር ተለጥፏል፤ እንዳይከፋው ይመስለኛል። የአክስቴ ክፍል ግን በሩ ላይ አንድ ቀይ ተለጥፎ ታለፈ። ውስጥ ማንም አልገባም። ፎቶዎቹ አብዛኞቹ ዘመድ የላቸውም።

አሠልጣኟ አዳራሹን ዞረው ካዩ በኋላ “ታዲያ ሁሉም መጀመሪያ ከሆነ፣ መጀመሪያ የቱ ነው?” አሉ። የቤቱ ኃላፊ ፈገግ ብለው “እኛ ዘንድ ሰው አይበላለጥም” ሲሉ ጭብጨባው ቤቱን ሞላው።

4. በሦስተኛው ቀን ልምምድ ነበር። ደወል ተደወለ። እኔ ቃሬዛ ላይ ነኝ። ቤቱ ያለው መውጫ በር አንድ ነው። እዚያ ስንደርስ ሠልጣኙ በሙሉ ቆሟል።

“ይቅደሙ።” “ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!” “በሞቴ!” “እኔ ልሙት፣ ከእርስዎ በፊት እግሬን አላነሣም።” “አይደረግም፣ ሽበቱስ?” የቤቱ ኃላፊ በሩን በጀርባቸው ደግፈው ሁሉን ያስቀድማሉ፤ ሁሉም እሳቸውን ያስቀድማል። ቃሬዛዬን የያዙት ሁለት ጎረምሶች ለታላላቆቻቸው ቦታ ሊለቁ ወደ ኋላ፣ ጭሱ አለ ወደተባለበት ክፍል መለሱኝ። ጋሼ ይቅደሙ የሚለው ስም የወጣው ያን ቀን ነው። አሠልጣኟ ሰዓታቸውን አዩ፣ ደግመው አዩ፣ በመጨረሻ ማየቱን ተዉት። ወደ እኔ መጥተው ዝቅ አሉና “አንቺ ታፍነሽ ሞተሻል፤ መነሣት ትችያለሽ” አሉኝ።

ሠልጣኞቹ ሁሉ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። እኔ ስለሞትኩ አልተሰጠኝም።

5. ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጣሪያው ላይ ያለው የውኃ ታንከር ተሰነጠቀና ውኃው በአክስቴ ክፍል ኮርኒስ ወረደ። ለአክስቴ ምሳ አድርሼ በረንዳው ላይ ሳህኑን እየጠበቅኩ ስለነበር አይቻለሁ።

“ቀዩ ይውጣ!” አሉ ጋሼ ይቅደሙ፣ ይቅርታ፣ የቤቱ ኃላፊ። ሥልጠናውን አልረሱትም። ነገር ግን ሁሉም ቀይ ነው። ስለዚህ ለበሩ የቀረበው የዳኛው ወንበር ተነሣ። ወንበሩ ያለው አዳራሹ ውስጥ ስለሆነ ጠብታ እንኳ አልነካውም። ያም ሆኖ አራት ሰው ተሸከመው፣ በሩ ላይ ሲደርስም ተቀረቀረ። “እግሩን አስቀድሙ!” “የለም፣ መደገፊያውን!” “ኧረ ቀስ፣ የሰው አደራ ነው!” ከዚህ በኋላ በዚያ በር የሚወጣም የሚገባም አልነበረም።

አክስቴ በወንበሩ እግሮች መካከል አንገቷን አሾልካ “ጋሼ፣ ፎቶዎቹን በመስኮት ላውጣቸው?” አለች። ከወንበሩ ማዶ ሆነው “ዕቃ ያለ ፈቃድ በመስኮት አይወጣም፤ ማመልከቻ አቅርቢ” አሏት። አክስቴ በዚያ ሰዓት ማመልከቻ ባለማቅረቧ ጥፋተኛ ተብላለች። ማመልከቻው ዘግይቶም ቢሆን ይኸው ቀርቧል።

እኔ በጓሮ ዞሬ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። እሷ በትሪ በትሪ ታቀብለኛለች። መጀመሪያ ውኃው የሚወርድበትን መደርደሪያ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን። አንድ ጊዜ እጇ የበረንዳው ጥገና ፎቶዎች ያሉበት መሳቢያ ላይ አረፈ። እዚያ ላይ ውኃው ገና አልደረሰም ነበር። እጇን አንሥታ ወደ ሙሽሮቹ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ እሱም ርሷል። አቀበለችኝ። ተቀብዬ ከሌሎቹ ጋር ደረደርኩት።

6. ወንበሩ በሰላም ወጣ። የቤቱ ኃላፊ ላባቸውን እየጠረጉ መጥተው ትሪዎቹን አዩና “በሉ ፀሐይዋ ሳትገባ ጓሮው ላይ ስጧቸው” አሉ። አክስቴ በሥራ ዘመኗ ለአለቃ እምቢ ብላ አታውቅም። “እሺ ጋሼ” አለች። እሺ እያለች ትሪውን አንሥታ በጓሮው አጥር በር ወጣች። ተመልሳ መጥታ ደግሞ “እሺ ጋሼ” አለች፣ ሌላውን ይዛ ወጣች። እሺ ይበልጣል ከሺ የሚባለው እውነት መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከጓሮው በር ፊት ለፊት ሥጋ ቤት አለ። ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላዋውን አስቀምጦ አየን።
“ምንድን ነው?”
“ፎቶ ነው” አለች አክስቴ። “ፍሪዘርህ ቦታ አለው?”
“ለስንት ቀን?”
“አላውቅም።”
ሥጋውን ወደ ቀኝ ገፋ፣ ግራውን በውኃ አጥቦ አደረቀ፣ ንጹሕ ላስቲክ አመጣ። ጎረቤቱ ያለው ዳቦ ቤት የመጋገሪያ ወረቀት ሰጠን። ጥቂት ጥቂት ፎቶ እያደረግን በየመካከሉ ወረቀት እያስገባን ጠቀለልን፤ አክስቴ በየላስቲኩ ላይ ቁጥር ጻፈች። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ “ያ በግራ ያለው የምን ሥጋ ነው?” ሲለው “የከተማው ታላላቆች ናቸው፣ አይሸጡም” ይላል። ደንበኛ ቀንሶበታል ቢባልም እሱ አያምንም።

የመስታወቶቹን ቤታችን ወስደን ሳህን ማድረቂያው ላይ በተርታ አቆምናቸው። እናቴ ከሥራ ገብታ አየቻቸውና “ዛሬ ከዳኞች ጋር ነው እንዴ የምንበላው?” አለች። ሳህኖቹ ቦታ ስላጡ ከድስቱ በላን። መስታወቶቹ አንድም ሳይሰነጠቅ ደርቀው ተመልሰዋል። ይህን የጠቀስኩት ስለ መስታወቶቹ የከሰሰን ሰው ባለመኖሩ ነው።

7. አክስቴ “ቅርስ ያለ ፈቃድ አውጥታ ተገቢ ባልሆነ ቦታ አስቀምጣለች” ተብላ ታግዳለች። ጥቅሎቹም እስከ መጪው ዓርብ ወደ ክፍላቸው እንዲመለሱ ታዟል።

ክፍላቸውን ሄጄ አየሁት። ኮርኒሱ አብጦ ወርዷል። ግድግዳውን ስነካው ጣቴ ይርሳል። ሥጋ ቤት የቅርስ ቦታ አይደለም የሚለውን አልክድም። ረግረግም አይደለም።

ለአሠልጣኟ ስልክ ደወልኩ። “አንቺ ማነሽ?” ሲሉኝ “የሞትኩት ነኝ” አልኳቸው። ወዲያው አወቁኝ። “እንዳትነኩት! አሁን ካቀለጣችሁት ሁሉም እርስ በርሱ ይጣበቃል። ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ይጋብዘኝ እንጂ እመጣለሁ። ሳልጠራ መጥቼ የሰው ንብረት መክፈት አልችልም” አሉ። ይህን ለቤቱ ኃላፊ ነገርኳቸው። “ቤታችን እንዲህ ሆኖ እንዴት እንግዳ ይጠራል? መጀመሪያ እናስተካክል እንጂ” አሉኝ።

አክስቴ ቤት ትውላለች። ጧት ትለባብሳለች፣ ቦርሳዋን ትይዛለች፣ ከዚያ መልሳ ትሰቅለዋለች። የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች። “ምን ሆንሽ?” ስላት “ምንም” ትላለች። እውነቷን ይመስለኛል። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ ምንም ነው የምለው፤ ፈልጌ ሌላ ነገር ስላላገኘሁ ነው።

8. የአባቴ ጉዳይ እዚህ ነው።

በረንዳውን ሲጠግን ለሥራው ማስረጃ ተብሎ ፎቶ ተነሥቷል። መሰላል ላይ ነው፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዟል፣ ከታች አንድ ሰው ቀልድ ነግሮት ሚስማሩ እንዳይወድቅ ሳቁን ሊይዝ ይታገላል። ሌላ ፎቶ የለንም ብዬ ላሳዝንዎ አልፈልግም፤ አለን። መታወቂያው ላይ ተከሶ የቆመ ይመስላል። የሰርግ ፎቶዎች ላይ ደግሞ ጆሮው ብቻ ይታያል። “ግቡ፣ ግቡ፣ እኔ ከኋላ ይበቃኛል” ስለሚል።

በጋሼ ይቅደሙ የቀለድኩት ባዕድ ሆኜ አይደለም። አባቴም እንደዚያው ነበር።

ደረቱን ያመመው ቀን ሐኪም ቤት አብሬው ወረፋ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ትልቅ እናት መጡ፤ “ይቅደሙ እናቴ” አላቸው። ልጅ ያቀፈ ሰው መጣ፤ “ግባ ወንድሜ” አለው። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ መጡ። “አባዬ፣ ያንተ ተራ እኮ ነው” አልኩት። “ምን ያስቸኩለናል?” አለኝ። ሲጠሩት አልተነሣም። ሐኪሟ “ቀድሞ ገብቶ ቢሆን ኖሮ” አላለችም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ሊያስተዛዝን የመጣው ሁሉ “እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነበር!” ሲል ሰነበተ። ጨዋ ነበር። በቀጣዩ ሳምንት የሒሳብ ፈተና ነበረኝ፤ ተፈተንኩ፤ ደህና አመጣሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የቤቱ ኃላፊ ቤታችን መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። በራችን ላይም ከእናቴ ጋር ይቅደሙ፣ ይቅደሚ ሲባባሉ ቆይተው ነው የገቡት። ከተቀመጡ በኋላ “ልጄ፣ የአባትሽ ፎቶ እዚያ ውስጥ መኖሩን አሁን ሰማሁ። ምነው አልነገርሽኝም? ጥቅሎቹን መልሱልን፣ የሱን በዚያው ቀን መጀመሪያ አስከፍትልሻለሁ። ቀይ ነው የምለጥፍበት። አክስትሽም ሰኞ ሥራዋን ትጀምር” አሉኝ።

እናቴ ወደ እኔ አየች። አክስቴ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

“ጋሼ፣ አሁን ቢከፈት ምን ይሆናል?” አልኳቸው።
“ይደርቃላ!”

አይደርቅም። የአባቴ ፊት ከላዩ ባለው ፎቶ ጀርባ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህን በስልክም፣ ወለል ላይ ተጋድሜም ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ግን በዚያ ሰዓት ስለ ምሳ እየጠየቁ ነበር። እናቴ “እናስብበት” ብላ ሸኘቻቸው። አስበንበት ይህን ጽፌያለሁ።

9. ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ሀ. ዓርብ የሚለው ቀን ይነሣልን። ጥቅሎቹ ባለሙያ እስኪመጣ ባሉበት ይቆዩ። ባለ ሥጋ ቤቱ “ታላላቆቹ አላጣበቡኝም” ብሏል። መብራት ሲጠፋ የሚያስነሣው ጄኔሬተርም አለው።

ለ. አሠልጣኟ በጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ይጋበዙ። አንድ መስመር ይበቃል። ቤቱ ሳይስተካከል ቢያዩትም አይፈርዱብንም፤ ከዚህ የባሰውን በር ላይ አይተዋል።

ሐ. አክስቴ ወደ ሥራዋ ትመለስ። “እሺ ጋሼ” ያለችው ከልቧ ነው፤ እሺ ያለችው ለፎቶዎቹ ይሁን ለጋሼ መመርመር አያስፈልግም።

መ. ሥልጠናው እንደገና ይሰጥ። ቀይ ስቲከር በቁጥር ይታደል፤ ሲያልቅ ማንም እንዳይላክ። ዕቃ ያበረከቱ ቤተሰቦች ለሻይ ሰዓት ብቻ ይጠሩ፤ ማንም ፊት ለፊታቸው ቆሞ ቢጫ ሊለጥፍ አይችልም፣ እኔም አልችልም። የመውጫው በር ላይ “እዚህ ጋ መቅደም ነውር አይደለም” ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። በጉዳተኛነት ለመመደብ አሁንም ፈቃደኛ ነኝ። በዚህኛው ግን በሕይወት ብወጣ ደስ ይለኛል።

ሠ. ይህ የመጨረሻው ነው። አሠልጣኟ መጥተው ጥቅሎቹን መክፈት ሲጀምሩ አዛኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። “የልጅቷ አባት ይቅደም” የሚል ይኖራል። ባለ ሥጋ ቤቱ ከአሁኑ ያን ጥቅል አውጥቶ ከላይ አድርጎት አገኘሁ፤ አመስግኜ ወደ ቦታው መለስኩት። ጥቅሉ ዘጠነኛ ነው። ከሱ በፊት ሙሽሮቹ አሉ፣ የተማሪዎቹ ሰልፍ አለ፣ የአክስቴ “የኔዎቹ” አሉ። እነሱም የሆነ ሰው አባት ናቸው። ስምንተኛው አልቆ፣ አሥረኛው ሳይነካ ይከፈት። ማንም ይቅደም አይበለው። እሱም ማንንም እንዲያሳልፍ አይፈቀድለት፤ ይሞክራልና።

ዘጠኝ ተብሎ ሲጠራ እኔ ይዤው እገባለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ ተራዬን ይዤ

(ፊርማ)
የፎቶግራፍ ክምችት ክፍል ሠራተኛዋ የወንድም ልጅ፣
በልምምዱ የሞትኩት

ግልባጭ፦
ለአሮጌው ቤት ኃላፊ
ለባለ ሥጋ ቤቱ፣ የፍሪዘሩ ክዳን ላይ እንዲለጠፍ